ተሳቢዬን በሰው ሚዛን የመዘኑልኝ በያጅ

ዓለም ገና አካባቢ ደህና በያጅ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህችን አንብቡልኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔና የባለቤቴ ወንድም ግቢያችን ውስጥ በመኪና እየጎተትን የምናድርባት አንዲት ተሳቢ ሠራን። አክስሉ ከሶማሌ ተራ፣ መስኮቱ ከምናለሽ ተራ፣ ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) እና ላሜራው ከሰፈር። ውስጧ ፍራሽ አለ፤ ከኋላ በሯ ሲከፈት ቡታጋዝ። ጎረቤቶች "የዶሮ ቤት ነው?" ብለው ጠይቀውናል። ቅርጿን ላየ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ልጆቹን ይዘን ወንጪ ድረስ ሄደን አድረንባታል።

ችግሯ ሁለት ነበር። ፍጥነት ስንጨምር ጭራዋን ትቆላለች። አንዴ ከቱሉ ቦሎ አለፍ ብለን ቁልቁለት ላይ መኪናዋን ጭምር ይዛት ልትሄድ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጠዋት ስንነሳ ጣሪያው ያንጠባጥባል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። "አክስሉ ተነቅሎ እንደገና ይበየዳል፣ ጣሪያውም ተገንጥሎ በአዲስ ይሠራል" አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ እውነትም የዶሮ ቤት ላደርጋት አሰብኩ።

እኚህን በያጅ የጠቆመኝ ሠፈራችን ያለ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ "ስሜን እንዳትጽፍ" ብለውኛል። ማሽናቸውን ሳይነኩ ጥያቄ ጀመሩ።

"ውሃውን የት ነው የምትጭነው?"

"ከኋላ፣ ቡታጋዙ አጠገብ።" ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን።

ዝም አሉ። ከዚያ ረዳታቸውን ልከው ታክሲ መያዣው ጋ ሰው የሚመዝነውን ልጅ ከነሚዛኑ አስጠሩት። ጀሪካኖቹን ሞልተን እንደወትሮው ጫንን። የተሳቢዋን አፍንጫ፣ መኪናው ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ማለቴ ነው፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። 18 ኪሎ! ልጁ "ይቺማ ቀለብ ያስፈልጋታል" አለ።

ተሳቢዋ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ምድር ሚዛን ላይ 520 ኪሎ ነበረች። ጋሼ እንዳስረዱኝ ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶው መኪናው ላይ መጫን አለበት። ከ52 እስከ 78 ኪሎ ማለት ነው። ከኋላ ከከበደች አፍንጫዋ ይቀልና መወዛወዝ ትጀምራለች። ጀሪካኖቹን ወደ ፊት ስናመጣቸው ሚዛኑ 64 አለ። በቃ። የበየዱት ነገር ቢኖር ከፊት የጀሪካን ማስቀመጫ ነው፣ በአንጎላሬ (ማዕዘን ባለው ብረት)።

ጣሪያውንም ጠየቁኝ። "መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?" ኅዳር ላይ፣ ወንጪ ሳለን አልኳቸው። ሳቁ። "በኅዳር ምን ዝናብ አለ? የራሳችሁ ትንፋሽ ነው እኮ!" ለካ አራት ሰው በር ዘግቶ ሲያድር ትንፋሹ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናል። ወንጪ ደግሞ አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ከላይና ከታች መተንፈሻ ቀደዱላት፣ ወንፊት ገጠሙበት፣ "ጣሪያውን ከውስጥ ፎም አልብሰው" አሉኝ።

ለብርዱ ከሰል እንደምናስገባ ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። "መተንፈሻ አለ ብለህ እንዳትዘናጋ። ጭስ ባይታይህም ይገላል።" አሁን ብርድ ልብስ ጨምረናል።

የከፈልኩት ጋራዡ ለጣሪያው ብቻ ከጠየቀኝ ሩቡን አይሞላም። ቀጠሮ ላይ ግን ምን ልበላችሁ... "ነገ ና" ካሉ ሦስት ቀን ጨምሩበት። ስልክም አያነሱም።

ከክረምቱ በኋላ ጣሪያዋ ላይ ባለ 100 ዋት ሶላር፣ ከኋላ በሯ ላይ ደግሞ የሸራ ጥላ ልናስገጥም ነው። ባትሪው የት ይቀመጥ የሚለው ገና አልተወሰነም። ከኋላም ከፊትም እየሞከርን እንመዝናለን ብለውኛል።

ቦታው ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ይላል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ሚዛን ካስፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ነው።