ታንከሩ ሞልቶ «ባዶ ነው» የሚል ሴንሰር

ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ታንከር ጌጥ አይደለም። የእኔ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ጥልቀቱ 3 ሜትር። ከታች ተቀምጦ በግፊት የውሃውን ከፍታ የሚለካና ፓምፑን የሚያዝ ሴንሰር ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ንዴቱ ግን ገና አልወጣልኝም።

ታንከሩ አፉ ድረስ ሞልቶ ማሳያው ግማሽ ሜትር እንኳ የለም ይላል። ፓምፑም «ውሃ አልቋል» ብሎ አይነሳም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አብሽር፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ኦሪጅናልነቱን ማን ጠየቀው? ችግሩ ዓይነቱ ነው። ይሄ ሴንሰር ጀርባው ድፍን ነው። ፋብሪካው የባሕር ጠለልን የአየር ግፊት፣ 1 ባር ገደማ፣ አሽጎበታል፤ የሚለካውን ሁሉ ከዚያ ጋር ያስተያያል። ደሴ ያለችው ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሯ ግፊት 0.75 ባር ቢሆን ነው። የጎደለችው ሩብ ባር ደግሞ የ2.5 ሜትር ውሃ ግፊት ናት። ያን ያህሉን ውሃ ሴንሰሩ ጭራሽ አያየውም።

ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ፣ ሱቁ ድረስ ወሰድኩለት። እዚያ ስህተቱ በግማሽ ሜትር ያህል ቀነሰ። «አየህ፣ እየተሻለው ነው!» አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሯ ከበድ ይላል፣ አለቀ። በሱ አያያዝ ጅቡቲ ብወስደው ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ነው።

አሁን የምጠቀምበት ኬብሉ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ያለው ነው። ጀርባው የደሴን አየር ስለሚያገኝ ውሃው ላይ የሚጫነው አየር ይጣፋል፤ የሚቀረው የውሃው ብቻ ነው። በገመድ ከምለካው ጋር ይገጥማል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ይበለው።

«ቱቦው እርጥበት ያስገባል» ትሉኛላችሁ፣ ሻጮች። ልክ ናችሁ፣ የደሴን ጉም አውቀዋለሁ። ስለዚህ የቱቦው ጫፍ ከታንከሩ ውጭ፣ ደረቅ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ አጠገቡ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አለ፣ ሲደክም ይቀየራል። ድፍኑን 250 ባር ለሚሠራ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ሽጡ፤ እዚያ ሩብ ባር ብትጎድል ማንም ልብ አይላትም። ለታንከር ግን አትሽጡብን።

ብሬን ስጠይቀው ደግሞ «የተጠቀሙበት ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ምኑን ነው የተጠቀምኩበት?