በናሐላት ቢንያሚን ገበያ የሚሸጡ የብር ሽቦ ጌጦች

በቴል አቪቩ ናሐላት ቢንያሚን የእደ ጥበብ ገበያ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሻጩ ራሱ ሠሪው ስለሆነ አሠራሩን መጠየቅ ይቻላል። ከሁሉ የሚያስደንቁኝ በየመን አይሁድ ብር አንጥረኞች ስልት የተሠሩት የብር ሽቦ ጌጦች ናቸው። ቀጫጭን የብር ሽቦዎች ይገመዳሉ፣ ይጠፈጠፋሉ፣ ተጠቅልለውም ወፈር ባለ ክፈፍ ውስጥ ይበየዳሉ። መበየጃው ከበዛ ክፍተቶቹን ይደፍናል፤ ካነሰ ጥቅልሉ ይላቀቃል። ስለዚህ ጌጡን ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፣ በጥፍርዎም ቀስ አድርገው ይንኩት። የሚነቃነቅ ሽቦ ካለ ይተዉት።

የሮማን ፍሬ ቅርጽ ያለው ጌጥ እጅግ ውብ ነው፤ በአይሁድ ትውፊት 613ቱን የኦሪት ትእዛዛት ያስታውሳል። «ሐይ» (ሕያው) የተባለው ጌጥ ሔትና ዮድ የተባሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት ይይዛል፤ የቁጥር ዋጋቸው 8 እና 10 ተደምረው 18፣ የሕይወት ምልክት። የመዳፍ ቅርጽ ያለውን ሐምሳ ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ብዙ አለ። የተገመደው ሽቦ ጥርስ መሰል ጠርዝ ደብዝዞ ከታየ የእጅ ሥራ አይደለም።

«925» የሚለው ማኅተም 92.5 በመቶ ብር ማለት ነው። ሐብሉ የሚያልፍበት ቀለበት መበየዱንም ያረጋግጡ፤ ካልተበየደ ተከፍቶ ጌጡ ይወድቃል። በትንሹ ሲጠቁር ለብ ያለ ውኃ፣ ቀላል ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ሽቦውን ይፍቃል።