ለተለማማጃችን ምስጋና፣ ለአሳታሚዎች ጥቆማ

በትንሿ የሥነ ጽሑፍ አሳታሚ ቤታችን አራት ወር የተለማመደችው የሦስተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ በዚህ ሳምንት ልምምዷን ጨርሳለች። ከልብ እናመሰግናታለን። ሥራዋን በዝርዝር የምንጽፈው ግጥምና ልብ ወለድ የሚያሳትሙ ባልደረቦቻችን እንዲያውቋት ነው።

ትልቁ ውለታዋ በድሮ ፎንት የተተየቡ ረቂቆች ላይ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ የሚያየው እንደ ላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ) ሲቀየር አንዳንዱ ፊደል ይዛባል። እሷ የመቀየሪያውን ፕሮግራም ዝም ብላ አታምንም። አስቀድማ ሁለት ገጽ ብቻ ትቀይርና ከወረቀቱ ቅጂ ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች፤ የተዛባውን መዝግባ ካስተካከለች በኋላ ነው ሙሉውን የምትቀይረው። ከዚያ በሁለት ኮለን የተተየበውን ሁሉ ወደ «።» ትመልሳለች፤ ከፊቱ የገባውን ክፍት ቦታም ታጠፋለች። ክፍት ቦታው ከቀረ በገጽ ቅንብር ጊዜ አራት ነጥቡ ለብቻው መስመር ይጀምራል።

እንደ «ሠ» እና «ሰ» ባሉ ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ በሆነ) ፊደላት ላይ ያላት ጥንቃቄ ከብዙ ልምድ ካላቸው አራሚዎች ይበልጣል። «ሠ»ን በሙሉ በ«ሰ» ተካ ብሎ ማዘዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል፣ «ሰአለ» ልመና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የቃላት መዝገብ ታዘጋጃለች፦ የተመረጠው አጻጻፍ፣ ቃሉ መጀመሪያ የተገኘበት ገጽ፣ ደራሲው መስማማቱ። የሰው ስም ደራሲው እንደጻፈው ይቆያል።

ግጥም ላይ ደግሞ ዓይኗ ስንኙ ላይ ነው። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት፤ ፊደሉ ሲተልቅ ወይም ገጹ ሲጠብ መጨረሻው ወደ ታች ይወርዳል፣ አንባቢም እንደ ሁለት ስንኝ ያነበዋል፣ ቤት መምቻውም (ስንኞቹ የሚገጥሙበት የመጨረሻ ድምፅ) ይጠፋል። ረጅሙን ስንኝ አስቀድማ ፈልጋ የፊደሉን መጠን በእሱ ታስወስናለች። አንድ አንጓ (የስንኞች ክፍል) ልክ በገጹ ግርጌ ካለቀ ከሚቀጥለው አንጓ የሚለየው ክፍተት ስለማይታይ ለዲዛይነሩ ምልክት ታደርጋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም።

ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት የገጹ ብዛት ለ16 መካፈሉን ታያለች። የሽፋኑን ጎን ውፍረት የምትለካው ማተሚያ ቤቱ በሚጠቀምበት ወረቀት ነው፤ በ80 ግራም ወረቀት 240 ገጽ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የአይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) 13 አኃዞችም ተራ በተራ በ1 እና በ3 አባዝታ ድምሩ ለ10 መካፈሉን ታረጋግጣለች።

ንባቧ ፈጣን አይደለም። ለመጨረሻ እርማት በቀን ከ25 ገጽ በላይ አትስጧት፤ ከዚያ ካለፈ የማንም አራሚ ዓይን የተጻፈውን ትቶ የጠበቀውን ያነባል። እርማቱ ገብቶ ሲመለስ ደግሞ የታረመውን ቃል ብቻ ሳይሆን አንቀጹን እስከ መጨረሻው ድጋሚ እንድታነብ ጊዜ ስጧት፤ መስመር የሚዛወረው እዚያ ነው።

ከሐምሌ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በግማሽ ቀን መሥራት ትችላለች። ስሟን እዚህ ያልጻፍነው በራሷ ጥያቄ ነው፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቃዷን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። የትራንስፖርቷንና የድካሟን ክፍያ ግን ከመጀመሪያው ቀን አስቡላት።