ያገለገለ መኪና ለምትገዙ፦ ከጋቢናው ወንበር ሥር ያለውን ሳታዩ ውል አትፈርሙ

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምታስቡ፣ ወይም በመኪናችሁ ዳሽቦርድ ላይ የበራውን የኤርባግ መብራት ለማሠራት ጋራዥ ልትገቡ የተዘጋጃችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በጋቢናው ወንበር ውስጥ ያለው ሴንሰር ሲበላሽ እሱን ከመጠገን ይልቅ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ማታለያ ዕቃ ገጥሞ መብራቱን ማጥፋት፣ ከዚያም መኪናውን «ምንም እንከን የለውም» ብሎ መሸጥ በገበያችን ላይ የሚያጋጥም አሠራር ሆኗል። ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የሚረከበው ግን ጋቢና ላይ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ይሁን ሕፃን መለየት የማይችል፣ አለመቻሉንም እንዳይናገር አፉ የተዘጋ መኪና ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ኤርባግ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጋቢና ኤርባግ ግጭት በተፈጠረ ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ተነፍቶ የሚያበቃ ሲሆን፣ ሲዘረጋ ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህ ኃይል ቀበቶ አስሮ ወደ ኋላ ተደግፎ ለተቀመጠ አዋቂ ሕይወት አድን ነው፤ ጭንቅላቱ ለዳሽቦርዱ ለቀረበ ሕፃን ግን ገዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከ290 የሚበልጡ ሰዎች በዝቅተኛ ፍጥነት በደረሱ ግጭቶች በኤርባጉ መነፋት ምክንያት እንደሞቱ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት ገምቷል። አብዛኞቹ ሟቾች ጋቢና የተቀመጡ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ግጭቶች ኤርባግ ባይኖር ኖሮ ሰው ተርፎ የሚወርድባቸው ነበሩ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጅግ ያሳዝነኛል።

የወንበር ሴንሰር በስፋት የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከ2003 መስከረም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በገበያ ላይ የሚውሉ አዳዲስ መኪኖች ጋቢና ላይ ሕፃን ሲኖር ኤርባጉን እንዲያግዱ፣ አለዚያም ሕፃኑን በማይጎዳ አኳኋን እንዲነፉት ግዴታ ተጣለባቸው። አምራቾች ይህን በተለያየ መንገድ ይሠሩታል። ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ክብደት የሚለኩ አራት ሴንሰሮችን በወንበሩ እግሮች ላይ አስቀምጧል፤ ሌሎች ከስፖንጁ ሥር ፈሳሽ የያዘ ከረጢት አኑረው ግፊቱን ይለካሉ፤ በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ከወንበሩ ልብስ ሥር ግፊት የሚያነብ ስስ ምንጣፍ ተዘርግቷል። መረጃው ወደ ኤርባጉ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም ከቀበቶው ማሰሪያ ከሚመጣው መረጃ ጋር አገናዝቦ «ባዶ ነው፣ ልጅ ነው፣ አዋቂ ነው» ብሎ ይወስናል። ውሳኔውን ለተሳፋሪው የሚያሳየው በዳሽቦርዱ መሐል ወይም ከፊት መስታወቱ አጠገብ ያለው «ፓሴንጀር ኤርባግ ኦፍ» (የጋቢናው ኤርባግ ታግዷል) የሚል ትንሽ መብራት ነው።

ይህ ሴንሰር ይበላሻል። ሽቦው ይበጠሳል፣ ምንጣፉ ከዓመታት መቀመጥ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ወንበሩ ለጽዳት ሲፈታ ሶኬቱ ይላላል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ቀዩን የኤርባግ መብራት አብርቶ ለባለቤቱ ያሳውቃል። ትክክለኛው ጥገና ሴንሰሩን መቀየር፣ ከዚያም በመሣሪያ ከዜሮ ጀምሮ እንዲለካ ማስተካከል ነው፤ ዕቃው ውድ ነው፣ ሥራውም ጊዜ ይወስዳል። ኢሙሌተር የሚባለው ዕቃ ገበያ ያገኘው በዚህ ክፍተት ነው። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ሲሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ አለው፤ በሴንሰሩ ፋንታ ይሰካና «እዚህ አዋቂ ሰው ተቀምጧል» የሚለውን ምልክት ቀንና ሌሊት ለኮምፒውተሩ ይልካል። ኮምፒውተሩ አምኖ መብራቱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ባዶ ቢሆን፣ ከረጢት ቢቀመጥበት፣ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ቢታሰርበት ለኮምፒውተሩ ልዩነት የለውም፤ ግጭት ሲደርስ ኤርባጉ በሙሉ ኃይሉ ይነፋል።

ሌላው ማታለያ ከዚህ ይብሳል። ቀድሞ ተጋጭቶ ኤርባጉ የፈነዳበት መኪና ሲሠራ አዲስ ኤርባግ ከመግጠም ይልቅ ክዳኑ ብቻ ይለጠፍና፣ በኤርባጉ ሽቦ ላይ ወደ 2 ኦም የሚጠጋ ሪዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ይበየዳል። የእውነተኛው ኤርባግ ማቀጣጠያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከዚህ ጋር ስለሚቀራረብ ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያለ ይመስለዋል። በዚህ መኪና ውስጥ ከክዳኑ ሥር ምንም ነገር የለም።

አንድ ዘመዴ ሊገዛው የተስማማበት ኮሮላ ላይ ያየሁትን ልጥቀስ። መኪናው ውጭ አገር ተጋጭቶ ከተሠራ በኋላ የገባ ነበር፤ ሻጩም ይህን አልደበቀም፣ «የወንበሩ ሴንሰር ግን በአዲስ ተቀይሯል» ብሎ ደጋግሞ አረጋግጦልን ነበር። ሞተሩ ተነሥቶ ጋቢናው ባዶ ሳለ ጠቋሚ መብራቱን ተመለከትን፤ ኤርባጉ ዝግጁ መሆኑን ያሳያል። ዘመዴ ተቀመጠ፤ ያው ነው። እሱ ወርዶ አንድ ቀላል ቦርሳ አስቀመጥንበት፤ አሁንም ያው ነው። በባትሪ ብርሃን ወንበሩ ሥር ስንመለከት በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን ከወለሉ ምንጣፍ ጫፍ ተሸጉጦ ታየ፤ የዋናው ሴንሰር ሶኬት ከጎኑ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ሻጩ «መብራቱ እኮ አይበራም፣ ምን ጎደለው?» ነበር መልሱ። ግዢው በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ በእኛ አገር በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። እናት ልጇን ታቅፋ ጋቢና መቀመጧ በየመንገዱ የምናየው ነው፤ ብዙዎችም ዘመናዊ መኪና ሲገዙ «ሴንሰር ስላለው ልጅ መኖሩን ያውቃል» ብለው ይተማመናሉ፣ አንዳንድ ሻጮችም ይህንኑ ይነግሯቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሴንሰሩ በሙሉ ጤንነት ላይ ቢሆን እንኳ የሚያነበው የእናቲቱንና የልጁን ክብደት በአንድ ላይ ስለሆነ «አዋቂ ተቀምጧል» ብሎ ኤርባጉን ያዘጋጃል፤ ሕፃኑ ደግሞ በእናቱና በኤርባጉ መካከል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ምርመራ ሁሉ ያለፈ መኪና ብትገዙም እንኳ የታቀፈ ልጅ ጋቢና ላይ አይቀመጥ። ከዚህም ሌላ፣ አገራችን ውስጥ በብዛት ከሚሽከረከሩት የቆዩ የጃፓን መኪኖች ብዙዎቹ ይህ የመለያ ሥርዓት ፈጽሞ የላቸውም፤ ኤርባጋቸው ማን እንደተቀመጠ ሳያይ ይነፋል። ለእነዚህ መኪኖች «የልጅ ሴንሰር አለው» ብሎ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ሥርዓቱ የት እንዳለ ያሳያችሁ፤ ጠቋሚ መብራት ከሌለ በቃሉ ብቻ አትክፈሉ።

ወንበሩን ማሳመርም ያልታሰበ ጉዳት ያመጣል። ሴንሰሩ፣ ስፖንጁና መቆጣጠሪያው በአንዳንድ መኪኖች ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተለክተው የተስተካከሉ ናቸው። ያረጀውን ወንበር አውጥቶ ከሌላ መኪና የተነቀለ መግጠም፣ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ጨምሮ በቆዳ ማስለበስ ንባቡን ያዛባል፤ ቀጭን ሴት እንደ ልጅ ተቆጥራ ኤርባጉ ሊታገድባት፣ ልጅም እንደ አዋቂ ሊቆጠር ይችላል። የቶዮታ አራቱ ሴንሰሮች ወንበሩ ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር እንደገና ወደ ዜሮ መስተካከል አለባቸው። የወንበር ልብስ የሚሠሩ ባለሙያዎችን መውቀሴ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን ከማዘዛችሁ በፊት ማስተካከያውን ማን እንደሚሠራው ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት ከእጅ ወደ እጅ መሸጋገራቸው ስለሚቀጥል፣ የአንዱ ባለቤት ማታለያ ሳያውቀው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ከአሜሪካ ጨረታ ወጥተው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሠርተው ለመጡ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የዚሁ የወንበር ሴንሰር ብልሽት ስላለባቸው ወደ 1.12 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በዓለም ዙሪያ ለነፃ ጥገና ጠርቷል፤ ከ2020 እስከ 2022 ሞዴል የሆኑ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር፣ ካምሪና ሃይላንደር ከመካከላቸው ይገኛሉ። ሆንዳም በየካቲት 2024 በአሜሪካ ብቻ 750,000 ገደማ መኪኖችን በተመሳሳይ ምክንያት ጠርቷል፤ የእነዚያ ሴንሰር ሲሰነጠቅ ኤርባጉ መታገድ ሲገባው ሳይታገድ ሊቀር ይችላል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ተጋጭቶ የተሠራ መኪና በቅናሽ ስትገዙም ሆነ ለቤተሰብ ስትልኩ፣ ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር ለጥገና የተጠሩ መኪኖች በሚፈለጉበት የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ትችላላችሁ፤ ጥገናውንም ፈቃድ ያለው አከፋፋይ ያለ ክፍያ ይሠራዋል። መኪናው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ይህን ዕድል ማግኘት ከባድ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የምታደርጉት ምርመራ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ቁልፉን ስትከፍቱ ቀዩ የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል በርቶ ከቀረው የባሰ አጠራጣሪ ነው። ቀጥሎ ጠቋሚ መብራቱን ጋቢናው ባዶ ሳለ፣ ከዚያም አዋቂ ሲቀመጥበት ተመልከቱ፤ ባዶ ወንበር ላይ አንዳንዱ ሞዴል «ኦፍ» ያሳያል፣ አንዳንዱ ምንም አያሳይም፤ ባዶ ሳለ «ኦፍ» ካሳየ ግን አዋቂ ሲቀመጥ ለውጥ መኖር አለበት። የኮምፒውተር ምርመራ ስታሠሩ «የተመዘገበ ስሕተት የለም» በሚል መልስ አትርኩ፤ ማታለያው የተሠራው ስሕተት እንዳይመዘገብ ነውና። ባለሙያው የሚነበበውን መረጃ በቀጥታ ከፍቶ፣ ሰው ሲቀመጥና ሲነሣ የክብደቱ ቁጥር ወይም የተቀማጩ ዓይነት መለዋወጡን ያሳያችሁ። በመጨረሻም በባትሪ ብርሃን ወንበሩ ሥር እዩ፤ ከፋብሪካ ያልወጣ ሳጥን፣ ቴፕ፣ የተቆረጠ ሽቦ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ነገር ግን ቢጫ ሶኬቶችን በእጃችሁ አትንኩ፤ የኤርባጉ መስመር ናቸው። የዘንድሮ ቦሎ መለጠፉ ለዚህ ሁሉ መልስ አይሆንም።

ውሉን በተመለከተ፣ የመኪና ሽያጭ ውሎቻችን ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ እንደ ልማድ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭም በእንዲህ ያለ ሐረግ አይከለልም። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ «የፊት ኤርባጎችና የጋቢናው ወንበር ሴንሰር በመኪናው ላይ ያሉና የሚሠሩ ናቸው፣ ምንም ማስመሰያ አልተገጠመም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቁ። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይቸገርም።

ማታለያው አስቀድሞ የተገጠመበት መኪና በእጃችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ ልጆችን ወደ ኋላ ወንበር አዛውሩ፣ የሕፃን ወንበርም ጋቢና ላይ አትሰሩ። ሳጥኑን ባለሙያ ያውጣው፤ ቀዩ መብራት ይመለስ። ሴንሰሩን ለመቀየር ገንዘብ እስክታገኙ ድረስ ግጭት ቢደርስ የጋቢናው ኤርባግ ላይነፋ ስለሚችል፣ አዋቂም ቢሆን ከተቻለ ኋላ ይቀመጥ፤ ጋቢና ከተቀመጠም ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ቀበቶውን ይሰር።