ከጅማ ወደ ማልታ፦ ጉዟችንን ስላሰናዳልን የጉዞ ወኪል አገልግሎት

በጅማ ያሉ የጉዞ ወኪሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተናግዱት ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙ ምእመናንን፣ ለንግድ ወደ ዱባይ የሚመላለሱ ነጋዴዎችንና ዘመድ ለመጠየቅ ባሕር የሚሻገሩ ሰዎችን ነው። ለጉብኝት ብቻ ወደ አውሮፓ ልሂድ የሚል ደንበኛ ብዙም አይገጥማቸውም። እኔና ባለቤቴ ከጎረቤታችን ከሐጂና ከባለቤታቸው ጋር ሆነን ማልታን ለማየት ስንወስን፣ ከተማችን ውስጥ የሚገኝ አንድ ወኪል ከቪዛው ማመልከቻ እስከ የየቀኑ የጉብኝት መርሐ ግብር ድረስ ያለውን ዝግጅት በሙሉ እንዲይዝልን ተዋዋልን። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ወኪሉ በሰነድ ዝግጅት ረገድ ያሳየው ትጋት እጅግ የሚመሰገን ነው፤ የጉብኝቱን መርሐ ግብር ግን የአገሪቱን ትንሽነት ብቻ አይቶ ስላወጣው ብዙ እርማት አስፈልጎታል፤ አንዳንዱም ሳይታረም ቀርቶ ዋጋ አስከፍሎናል።

ማልታ ከሲሲሊ በስተደቡብ በሜዲትራንያን ባሕር መካከል የምትገኝ፣ ማልታ፣ ጎዞና ኮሚኖ የተባሉትን ደሴቶች የያዘች አገር ናት። ጠቅላላ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዋናዋ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች ከጅማ ተነሥቶ አጋሮ ለመድረስ ከሚኬደው መንገድ ታንሳለች። እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ወጥታ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናለች። እኔን ወደዚያ የሳበኝ የሐዋርያት ሥራ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ ተሰብሮ የተጠጋባት፣ እፉኝት እጁን ነክሳው ምንም ያልሆነባት መላጥያ ይህችው ደሴት ናት። ሐጂ ደግሞ ደሴቲቱ ከ870 ጀምሮ ለረጅም ዘመን በሙስሊሞች አገዛዝ ሥር መቆየቷን አንብበው ነበርና ጉዳዩን ከእኔ ይበልጥ ያጣደፉት እሳቸው ናቸው።

በወኪሉ ቢሮ ጉዳያችንን የያዘችው አንዲት ወጣት ሠራተኛ ስትሆን፣ አገልግሎቱ ጥሩ ስም ቢያገኝ የሚገባው በእሷ ሥራ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርታችንን ተቀብላ፣ ከሸንገን አገሮች (ማልታን ጨምሮ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከምንወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆኑንና ሁለት ባዶ ገጽ እንዳለው አንድ በአንድ ተመለከተች፤ የባለቤቴ ፓስፖርት ሊያበቃ የቀረው ጊዜ አጭር ስለነበር ሳይታደስ ማመልከት ገንዘብ ማባከን መሆኑን ነገረችን። ለእያንዳንዳችን የተለየ ማኅደር ከፍታ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የሥራ ደብዳቤውን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ክሊራንሱን፣ የቤት ካርታውንና የባንክ ስቴትመንቱን በቅደም ተከተል አስቀመጠች፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፉትንም በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመች። ወረቀቱን ስታገላብጥ ድንገት ቆም ብላ፣ «ሐጂ፣ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው የአያትዎ ስም ከንግድ ፈቃዱ በአንድ ፊደል ይለያል፤ ይህ ሳይስተካከል አናስገባም» ያለችው ትዝ ይለኛል። ሐጂ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም በማግሥቱ ሄደው አስተካከሉት። በሒሳባቸው ላይ ከቡና ሽያጭ በአንድ ጊዜ የገባ ከፍ ያለ ገንዘብ ስለነበርም፣ ጥያቄ እንዳያስነሣ የሽያጭ ውሉን ከስቴትመንቱ ጋር አያይዛ የገንዘቡን ምንጭ የሚያብራራ ደብዳቤ ጨመረችበት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ቪዛ ጠይቆ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን ይረዳዋል።

ስለ ክፍያና ስለ ጊዜም ግልጽ ነበሩ። የቪዛው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ መሆኑን፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ እንደማይመለስ፣ የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን እንዳለበት፣ ማመልከቻውም ከጉዞው ቀን ከስድስት ወር በላይ አስቀድሞ ወይም 15 ቀን ካልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደማይቀርብ ከመጀመሪያው አስረድተውናል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውጣት ግድ ስለሆነም የአራታችንን ቀጠሮ ለአንድ ጠዋት አስይዘውልን ከሁለት ጊዜ መመላለስ አድነውናል።

ሆኖም የመጀመሪያው የጉዞ ረቂቅ ከባድ ግድፈት ነበረበት። ወኪሉ ማልታ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ታልቃለች በሚል ስሌት አብዛኛውን ሌሊት ሮም ላይ መድቦ፣ ማልታን በመጨረሻ ላይ ብቅ ተብሎ የምትታይ አድርጓት ነበር። በሸንገን ደንብ ግን ማመልከቻው የሚቀርበው የጉዞው ዋና መድረሻ ለሆነው አገር ሲሆን፣ ዋናው መድረሻ የሚለየውም በጉዞው ዓላማ ወይም ረዘም ያለ ጊዜ በሚቆዩበት አገር ነው። በማልታ በኩል አመልክቶ አብዛኛውን ጊዜ ጣሊያን የሚያሳልፍ መርሐ ግብር ማያያዝ ለመከልከል በቂ ምክንያት ይሆን ነበር። ይህን ስናነሣላቸው ሳይከራከሩ የሮሙን ቆይታ አሳጥረው ሆቴሎቹን በዚያው ቀን አስተካከሉ። የአውሮፕላኑን ነገር ግን እነሱ ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን በአዲስ አበባና በሮም በኩል እስከ ማልታ ያለው ጉዞ በአንድ ትኬት እንዲሆን አጥብቀው መከሩን፤ የሮምና የማልታው በረራ ለብቻው ቢገዛ ረከስ ይል ነበር፣ ነገር ግን የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው ትኬት ከነገንዘቡ ይቀራል። ወደ ሸንገን ክልል የሚገባው ሮም ላይ ስለሆነ የኢሚግሬሽን ጥያቄ የሚጠበቀውም እዚያ መሆኑን ነግረውን፣ የሆቴሉንና የመድኑን ወረቀት በእጅ ሻንጣችን እንድንይዝ አድርገውናል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ማልታ በኪሎ ሜትር ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የምትጎበኘው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀንና በሰዓት ነው። የትኛው ቦታ በየትኛው ቀን ክፍት እንደሚሆን፣ የትኛውስ በቅድሚያ መያዝ እንዳለበት ሳይጣራ የወጣ መርሐ ግብር በወረቀት ላይ ቢያምርም መሬት ላይ ይፈርሳል። የእኛው መርሐ ግብር በዋና ከተማዋ በቫሌታ የሚገኘውን የቅዱስ ዮሐንስን ካቴድራል ለእሑድ፣ የማርሳሽሎክን የዓሣ አጥማጆች መንደር ደግሞ ለማክሰኞ መድቦ ነበር። ካቴድራሉ እሑድ የጸሎት ቀን ስለሆነ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የማርሳሽሎክ ታላቁ የዓሣ ገበያ ደግሞ የሚቆመው እሑድ ነው። ሁለቱን ቀናት በማቀያየር ብቻ የሚፈታ ነገር በመሆኑ አለመጣራቱ ያሳዝናል።

ካቴድራሉ ደግሞ በጥድፊያ የሚታይ አይደለም። ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች፣ የካቶሊክ ወታደራዊ ማኅበር አባላት፣ እ.ኤ.አ. በ1565 የኦቶማን ጦር የጣለባቸውን ከበባ ከተቋቋሙ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በመሪያቸው በዣን ደ ቫሌት ስም የምትጠራውን ቫሌታን መሠረቱ፤ ካቴድራሉም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ውጭው እንደ ምሽግ ደረቅ ሲሆን ውስጡ በወርቅ ቀለም ያበራል። ወለሉ ወደ 400 የሚጠጉ ፈረሰኞች መቃብር ስለሆነ በየመቃብሩ ላይ በኅብረ ቀለም እብነ በረድ የተሠራው ሥዕል እንዳይጎዳ ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ አይፈቀድም፤ ትከሻና ጉልበትም መሸፈን አለበት። ወኪሉ ይህን ስላልነገረን የሐጂ ባለቤት በር ላይ ጫማ መቀየር ግድ ሆነባቸው። ከጎኑ ባለው የጸሎት አዳራሽ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ ሥዕል ይገኛል፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ብቸኛ ሥራው ሲሆን፣ የጻፈውም ከመጥምቁ አንገት በሚፈስሰው ደም ውስጥ ነው። እዚህ ሥዕል ፊት ወኪሉ ለካቴድራሉ በሙሉ የመደበልንን ሰዓት ጨርሰናል፤ አሁንም አነሰኝ እላለሁ።

ከሁሉ የከፋው በፓኦላ ከተማ ከምድር በታች የሚገኘው የሃል ሳፍሊየኒ ሃይፖጂየም ጉዳይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከአለት የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት ደርብ የመቃብርና የአምልኮ ስፍራ ነው፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ለቤቶች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ነው። የሰው ትንፋሽና ሙቀት ግድግዳውን ስለሚጎዳው በሰዓት 10 ሰው ብቻ ይገባል፤ በዚህም ምክንያት ትኬቱ ከወራት በፊት በኢንተርኔት ይሸጣል። የወኪላችን መርሐ ግብር «ትኬት በቦታው ይቆረጣል» ይላል። ከጉዞው በፊት ስንፈልግ አንድም ቀን ክፍት አላገኘንም። ቫሌታ ውስጥ በቅዱስ ኤልሞ ምሽግ ለማግሥቱ የሚሸጡ ጥቂት ትኬቶች እንዳሉ ደርሰን ተረድተን፣ ማለዳ ተሰልፈን ያገኘነው ሁለት ብቻ ነው፤ ያንንም ለባለቤቶቻችን ሰጠን። ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለሆነ እኔ የማውቀው ባለቤቴ የነገረችኝን ነው፦ በጣሪያው ላይ በቀይ አፈር የተሣሉ ጥምዝ ሐረጎች፣ አለቱም ልክ እንደ ሕንፃ ምሰሶና ወራጅ ሆኖ መጠረቡን። እነሱ ውስጥ ሳሉ ሐጂ በዚያው ከተማ ባለው መስጊድ የጁምዓ ሰላታቸውን ሰገዱ። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ከተማ መሆናቸውን ወኪሉ ቢያውቅ ኖሮ ዓርብን ከመጀመሪያው ለዚህ ይመድበው ነበር፤ ሐጂ ስለ ጁምዓ ገና በውሉ ቀን ተናግረው ነበርና።

ጎዞንም በግማሽ ቀን፣ ያውም ከኮሚኖ ጋር አጣምረው ነበር የመደቡት። መርከቡ ከዋናዋ ደሴት ወደብ ከቺርኬዋ ጎዞ ላይ ወዳለው ምጃር ወደብ የሚወስደው 25 ደቂቃ ያህል ቢሆንም፣ ከቫሌታ ቺርኬዋ ለመድረስ አውቶቡሱ በየፌርማታው እየቆመ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኛ ኮሚኖን ትተን ጎዞ አደርን፤ በዚህም በፍጹም አልተቆጨንም። የጂጋንቲያ ቤተ መቅደሶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3600 ዓመት ገደማ ጀምሮ የተሠሩ በመሆናቸው ከግብፅ ፒራሚዶች በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ድንጋዮቹ ግዙፎች ናቸው፤ ጠዋት ቀደም ብሎ የሄደ ሰው ጎብኚ ሳይበዛ ተረጋግቶ ሊያያቸው ይችላል። በወኪሉ በራሪ ወረቀት ላይ የጎዞ ዋና መስሕብ ሆኖ የታተመው ግን በድዌይራ የነበረው የተፈጥሮ የድንጋይ ቅስት ነው። ያ ቅስት እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2017 በማዕበል ተደርምሶ ባሕር ውስጥ ገብቷል። የሌለን ነገር ፎቶ አትሞ ደንበኛ መሳብ ተገቢ አይደለም፤ ወረቀቱ እንዲነሣ ጠይቀናል።

በምግብ በኩል፣ በቅድሚያ ያስከፈሉን አንድ «ባህላዊ ራት» ነበር። የማልታ ዋና ባህላዊ ምግብ በወይን የተሠራ የጥንቸል ወጥ ነው። እኔና ባለቤቴ በሃይማኖታችን ጥንቸል አንበላም፤ ሐጂና ባለቤታቸው ሐላል ያልታረደ ሥጋም ሆነ ወይን የገባበት ምግብ አይቀምሱም። ከጅማ ለሚሄዱ አራት ሰዎች ይህን ራት ማዘዝ ደንበኛን አለመጠየቅ ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ በላን፤ አራታችንንም የሚያስማማ ምግብ ስለሆነ ማርሳሽሎክ ላይ በዓይን ምልክት ያሸበረቁትን ጀልባዎች እያየን የበላነው ምሳ ከጉዞው ሁሉ የተደሰትንበት ማዕድ ነው።

ለፍትሕ ሲባል የሠመሩትንም ላንሣ። ልጅቱ ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ሙቀቱና ወከባው እንደሚበረታ ነግራን ግንቦትን ስላስመረጠችን አየሩ ተስማምቶናል። ሶኬቱ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ መሆኑንም አስቀድማ ስለነገረችን ማገናኛ ይዘን ሄደናል። እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ አስጎብኚ ይቀጠርላችሁ ብላ ተጨማሪ ወጪ ውስጥ አላስገባችንም። ከጥንታዊቷ ከተማ ከምዲና ቅጥር ወጣ ብሎ ራባት ውስጥ ያለውን የቅዱስ ጳውሎስን ዋሻ የጨመረችልንም እሷ ናት፤ ሐዋርያው ያረፈበት እንደሆነ በሚነገርበት በዚያ ጠባብ ዋሻ ስቆም የተሰማኝን ደስታ የምገልጽበት ቃል የለኝም።

የአገልግሎት ክፍያው ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ቀሪው ቪዛው ሲወጣ የሚከፈል ሲሆን፣ ለሰነድ ዝግጅቱ ብቻ ቢሆን እንኳ አይበዛበትም። ወደ ማልታ ለመሄድ የሚያስብ የጅማ ሰው ማኅደሩንና ትኬቱን ለእነሱ ቢሰጥ ደስ ይለኛል፤ የየቀኑን መርሐ ግብር ግን የየቦታውን የመክፈቻ ቀን እያየ ራሱ ያውጣ፣ የሃይፖጂየሙንም ትኬት ቪዛው እንደተፈቀደ በዚያው ቀን ይግዛ። ከተመለስን በኋላ ቅሬታችንን በጽሑፍ አቅርበን የራቱ ክፍያ ግማሽ ተመልሶልናል፤ ቀሪው ያልተመለሰው በውሉ ላይ ስለ ስረዛ የሚናገር አንቀጽ ስላልነበረ ነው። ኃላፊው ለሚቀጥሉት ደንበኞች ይህን አንቀጽና የምግብ ምርጫ መጠይቅ በውሉ ውስጥ አስገብተው አሳይተውኛል።