አልጋ ወይስ ክፍል? ከወሎ ተነስቶ ለቤተሰብ የአውሮፓ ሆቴል መያዝ

እኛ ዘንድ አልጋ ማለት ክፍል ነው። ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ አንዱ ሆቴል ገብቶ «አልጋ አላችሁ?» የሚል ሰው ክፍል እየጠየቀ ነው። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ቢመጡ ፍራሽ ይጨመርላቸውና ያድራሉ፤ ስንት ነፍስ ናችሁ ብሎ የሚያስጨንቅ ብዙም የለም። አውሮፓ ላይ ግን አልጋ አልጋ ነው፣ ክፍል ክፍል ነው፣ ሰው ደግሞ ከጡት ልጁ ጀምሮ ይቆጠራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮም፣ ፓሪስ ወይም ቪየና የሚሄዱ ቤተሰቦች እንግዳ መቀበያው ፊት ሻንጣ ደርድረው የሚጉላሉት በአብዛኛው በዚህች ልዩነት ነው። እዚህ የምንመዝነው የማስያዣ መንገዶቹን ነው፤ ለምሳሌ የምንወስዳት ከተማ ከቦሌ በቀጥታ የሚበረርባት ሮም ናት።

ፍርዳችንን ካሁኑ እንናገር። ለመፈለግ የሆቴል ማስያዣው ድረ ገጽ ቡኪንግ ዶት ኮም በጣም ይመቻል፤ ሦስት ወይም አራት ሰው ከሆናችሁ እዚያው ጀምራችሁ እዚያው መጨረስ ትችላላችሁ። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን ከሆቴሉ ከራሱ የጽሑፍ ቃል ሳትቀበሉ ነገሩ አልቋል አትበሉ።

ፍለጋው ላይ የመጀመሪያው ስህተት ልጆችን መተው ነው። ሁለት አዋቂ ብቻ ተሞልቶ ሲፈለግ ዋጋው ያምራል፣ ምርጫውም ይበዛል፤ «ልጆቹ ከእኛ ጋር ይተኛሉ» ይባልና ይያዛል። ጣሊያን ውስጥ ሆቴሉ የእያንዳንዱን እንግዳ ስም፣ የሕፃናቱንም ጭምር፣ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ መቀበያው ላይ የሁሉም ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ያልተጻፈውም ልጅ እዚያው ይታወቃል። ክፍሉ የተፈቀደው ለሦስት ሰው ከሆነ አራተኛውን ማስገባት አይችሉም፤ ቢለመኑም ክልከላው ከእነሱ እጅ አይደለም። ሁለተኛ ክፍል በዕለቱ ዋጋ መያዝ ይመጣል፣ እሱም ከተገኘ ነው። የልጆቹን ቁጥርና የእያንዳንዳቸውን ዕድሜ ሙሉ፤ ዕድሜው የሚሰላው በምታድሩበት ቀን፣ በፓስፖርቱ የልደት ቀን ነው። ብዙ ሆቴሎች ሁለት ዓመት ያልሞላውን በሕፃን አልጋ በነጻ ያስተኛሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በየራሳቸው ደረጃ ያስከፍላሉ። አንድ ዓመት ማጉደል ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም ይቀይረዋል።

ቀጥሎ አልጋው። «የቤተሰብ ክፍል» የሚለው ርዕስ ምንም አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የአልጋ ዝርዝር ነው። ጣሊያኖች ማትሪሞኒያሌ ሲሉ አንድ ትልቅ የባልና ሚስት አልጋ፣ ዶፒያ ሲሉ ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል፣ ትሪፕላ የሦስት፣ ኳድሩፕላ የአራት ሰው ክፍል ማለታቸው ነው። ትሪፕላ ተብሎ ሦስተኛው አልጋ ተዘርጊ ሶፋ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሶፋው ለሰባት ዓመት ልጅ ይበቃል፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ቁመቱ ከአባቱ ለተስተካከለ ልጅ ግን ሦስት ሌሊት ወገቡን ነው የሚያመው። በዚያ ላይ ሶፋው ሲዘረጋ መታጠቢያ ቤቱን ወይም የውጭ በሩን ሊዘጋ ስለሚችል ፎቶውን አስፉና ሲዘረጋ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ። የክፍሉ ስፋት በካሬ ሜትር ተጽፏል፤ ለአራት ሰው ከ20 በታች ከሆነ እለፉት፣ አራት ሻንጣ መክፈቻ ቦታ አይኖራችሁም። የአልጋው ስፋትም እንደየአገሩ ነው፦ ፈረንሳይ ድርብ የሚባለው ብዙ ጊዜ 140 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጣሊያን 160 ይሆናል፣ ጀርመን ደግሞ ሁለት ባለ 90 ፍራሽ ጎን ለጎን ተገጥሞ 180 ይመጣል። የጀርመኑ መሀሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ሕፃን ልጅ መሀል ለማስተኛት አይመችም።

አምስትና ስድስት ሰው ሲሆን የፍለጋ ገጹ ወይ ባዶ ይመልሳል ወይ ሁለት ክፍል ያቀርባል። ሁለት ክፍል ጥሩ ነው፤ ችግሩ አንዱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሌላው አምስተኛ ፎቅ ሊሆን መቻሉ ነው። መጠየቅ ያለበት «ኮኔክቲንግ» የሚባለው፣ በውስጥ በር የሚገናኝ ክፍል ነው። «ጎን ለጎን» ከተባለ በኮሪደር በኩል ብቻ ነው የሚገናኘው፤ ሌሊት ለሚነቃ ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማስያዣው ገጽ ላይ ባለው የልዩ ጥያቄ ሳጥን መጻፍ ምኞት እንጂ ውል አይደለም። ሆቴሉን በኢሜይል አግኙትና በእንግሊዝኛ ይህን የሚል አጭር መልእክት ላኩ፦ «በዚህ የማስያዣ ቁጥር ሁለት ክፍል ይዘናል። ሁለት አዋቂዎችና የ13፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች ነን። ክፍሎቹ በውስጥ በር እንደሚገናኙ አረጋግጡልን፤ የማይቻል ከሆነ በነጻ መሰረዝ የምንችልበት ቀን ሳያልፍ አሳውቁን።» መልሱን አትሙና ያዙ። ሆቴሉን አንዴ ካገኛችሁት በቀጥታ ብትይዙ ምን ዋጋ እንደሚሰጣችሁም ጠይቁት፤ ለማስያዣው ድርጅት የሚከፍለው ኮሚሽን ስለሚቀርለት አንዳንዱ ቁርስ ይጨምራል።

በአንድ ስም በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው ሰንሰለት ሆቴሎች ለቤተሰብ የሚታሰቡ አሉ። ኖቮቴል 16 ዓመት ያልሞላቸውን ሁለት ልጆች በወላጆቻቸው ክፍል ያለ ክፍያ ያሳድራል፣ ቁርሳቸውንም አያስከፍልም። ማይኒንገር ባለ ብዙ አልጋ ክፍሎች አሉት፣ ሮም ላይም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አለ፤ አልጋው ተደራራቢ ስለሆነ ግን ለአያት አይሆንም። አዳጆ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ሆቴል ነው። ለትልቅ ቤተሰብ እኛ የምንመርጠው ይህን ዓይነቱን ነው፤ መቀበያ አለው፣ ምድጃም አለው።

ኤርቢኤንቢ ላይ የሚገኘው የግለሰብ አፓርታማ ለስድስት ሰው በዋጋ ይረክሳል፤ ግን የጽዳት ክፍያው ተጨምሮ የሚመጣውን ጠቅላላ ድምር እንጂ የአንድ ሌሊቱን ዋጋ አትዩ። ጣሊያን በፈረንጆቹ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ «ሲን» (CIN) የተባለ ብሔራዊ መለያ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ እንዲያወጣ ታዟል፤ ቁጥሩ ከሌለ ቤቱን ተዉት። አሳንሰር መኖሩንም ጠይቁ፤ የሮም አሮጌ ሕንፃዎች አሳንሰር ቢኖራቸውም ሁለት ሰውና አንድ ሻንጣ ብቻ የሚይዝ ሊሆን ይችላል። ጀበና ይዛችሁ ብትሄዱ በምድጃው ማፍላት ትችላላችሁ፤ ቆሎው ከቤት ተቆልቶ ይሂድ። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ግን ይቅር፤ ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ ጠቋሚ ሕንፃውን በሙሉ ታስጮኸዋለች፣ ቅጣቱም ከተያዘው ካርድ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ቪዛው፤ ሆቴል አያያዙን የሚወስነው እሱ ነውና። ጣሊያንን፣ ፈረንሳይንና ሌሎችን የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛ ለማመልከት ለሁሉም ሌሊቶች ማደሪያ ማሳየት ያስፈልጋል። የሚመለከተው ኤምባሲ ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የምትገቡበት። ሮም አራት፣ ፓሪስ ሦስት ሌሊት ከያዛችሁ ጣሊያን ነው፤ ኋላ ላይ ፓሪስን ወደ አምስት ብታሳድጉት ማመልከቻውና ጉዞው ይጣላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 ኤፕሪል ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የቪዛ መጠበቂያ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ ጊዜ አለ። ቪዛው እስኪገኝ ገንዘብ የማይመለስበት ርካሽ ክፍል አትንኩ። ከመግቢያው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እስኪደርስ በነጻ የሚሰረዘውን ያዙ፣ ትንሽ ቢወደድም። የመሰረዣው ሰዓት የሚቆጠረው በሆቴሉ አገር ነው፦ የሮም 23:59 በበጋቸው ለእኛ ከሌሊቱ 6:59፣ በክረምታቸው 7:59 ነው።

የሆቴሉ ማስያዣ ማረጋገጫ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዋናው እንግዳ ስም ብቻ ይወጣል። የኛ ፓስፖርት የቤተሰብ ስም በሚባለው ቦታ የአያት ስም ስለሚይዝ የባል፣ የሚስትና የልጆች ሦስት የተለያየ ስም ነው፤ ለፈረንጅ ጸሐፊ አንድ ቤተሰብ አይመስሉትም። ሆቴሉ የሁሉንም ስም ከነዕድሜያቸው ማረጋገጫው ላይ እንዲጽፍ ጠይቁ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ያዙ። ፊደሉም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፤ መሐመድ በአባትዬው ፓስፖርት በሁለት ኤም፣ በልጁ በአንድ ኤም ተጽፎ ከሆነ እንዳለው ገልብጡት፣ አታርሙት።

ለቪዛ ብቻ ተብሎ የሆቴል ወረቀት የሚሸጡ ደላሎች አሉ። ሆቴሉ ተደውሎለት «አናውቃቸውም» ካለ መላው ቤተሰብ ይከለከላል፣ የቪዛ ክፍያው አይመለስም፤ ክፍያው ደግሞ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። የታወቀ የጉዞ ወኪል ሌላ ነገር ነው፤ ካርድ ለሌለው ሰው ይጠቅማል፣ ግን የሆቴሉን የማረጋገጫ ቁጥር ተቀብላችሁ ራሳችሁ ሆቴሉን ጠይቁ።

ክፍያ ላይ «ቅድመ ክፍያ የለም» ቢልም የካርድ ቁጥር ይጠየቃል፤ ካርዱ የማይሠራ ሆኖ ከተገኘና በተሰጠው ጊዜ ካልተቀየረ ሆቴሉ ይሰርዛል። ወሎ ውስጥ የተለመደው ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲይዝላችሁ ማድረግ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ሆቴል ካርዱን ከነባለቤቱ ማየት ይፈልጋል። ዘመዳችሁ አስቀድሞ ለሆቴሉ ጽፎ የሦስተኛ ወገን ክፍያ ፈቃድ ቅጽ ያስመጣ፣ ፈርሞ ይላክ፣ «ደርሶናል» የሚል መልስም ይቀበል። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ «ማስያዣችሁ ሊሰረዝ ነው፣ በዚህ ሊንክ እንደገና ክፈሉ» የሚል መልእክት ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ የሆቴሉን ስም አውቆ ቢጽፍም እንኳ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉት። ሐምሌ 15 ቀን 2018 በእነሱ ጁላይ 22 ቀን 2026 ነው። ከባዱ ስህተት ግን የሌሊቱ ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በረራ በአብዛኛው በእኩለ ሌሊት ገደማ ተነስቶ ሊነጋ ሲል ይደርሳል። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሮም ብትደርሱ የረቡዕ ክፍል የሚሰጣችሁ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ወዲያው ልጆች ማስተኛት ከፈለጋችሁ የማክሰኞን ሌሊት ጨምራችሁ ያዙና «ረቡዕ ንጋት ላይ እንገባለን» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ካላሳወቃችሁ ማክሰኞ ማታ ያልመጣ እንግዳ ቀርቷል ተብሎ ሁሉም ሌሊት ሊሰረዝባችሁ ይችላል። ለዚያ ሌሊት መክፈል የማይፈልግ ሻንጣውን አስቀምጦ ይውጣ፤ ሆቴሎቹ ይቀበላሉ። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል። የሜትሮው (የምድር ውስጥ ባቡሩ) መስመሮች ኤ እና ቢ የሚገናኙትም እዚያው ነው፤ ለልጅ ይዞ ተጓዥ ሰፈሩን የምንመርጠው ስለዚህ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በዙሪያው አሉ።

ገጹ ላይ ካለው ዋጋ ውጭ የከተማ ግብር አለ፤ ሮም ላይ ሆቴሉ ራሱ ይቀበላል። ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ባለ ሦስት ኮከብ በሰው በሌሊት 6 ዩሮ፣ ባለ አራት 7.50 ነው፤ 10 ዓመት ያልሞላው አይከፍልም። አባት፣ እናት፣ የ12 እና የ8 ዓመት ልጅ ባለ ሦስት ኮከብ ውስጥ አራት ሌሊት ካደሩ የሦስት ሰው ተሰልቶ 72 ዩሮ ይመጣል። ፓሪስ ላይ ከ18 ዓመት በታች ነጻ ነው። አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ የክፍሉን ዋጋ 12.5 በመቶ ያስከፍላል።

ቁርስ የተካተተበትን ከመያዛችሁ በፊት ጉዞው መቼ እንደሚውል እዩ። ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ የጣሊያን ሆቴል ቁርስ ደግሞ ወተት፣ ቅቤ ያለው ኮርኔቶ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ፣ እንቁላልና አይብ ነው። ለጾመኛ ቤተሰብ የቁርሱ ክፍያ ኪሳራ ነው። ሙስሊም ቤተሰብም ስሱ ሆኖ የተቆረጠው ሥጋ ብዙ ጊዜ የአሳማ መሆኑን ልጆቹን ቀድሞ ያስጠንቅቅ። ለመታጠብ ጣሊያን ይሻላል፤ መጸዳጃው አጠገብ ቢዴ የሚባል ዝቅተኛ መታጠቢያ ገንዳ አለ። ሰሜን አውሮፓ ብዙም ስለማይገኝ ትንሽ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ሻንጣ ውስጥ ጨምሩ። በጦሳ ተራራ ነፋስ ላደገ ልጅ የሐምሌ ሮም ሙቀት ከባድ ነው፤ «ኤር ኮንዲሽን» የሚለውን ማጣሪያ ሳትነኩ አትፈልጉ፣ በተለይ ብዙ ሆቴል የማቀዝቀዣ ልማድ በሌለው በፓሪስና በአምስተርዳም።

ከደሴ ከመነሳታችሁ ሦስት ቀን በፊት ለሆቴሉ አንድ ኢሜይል ይሂድ፦ የበረራ ቁጥር፣ የምትደርሱበት ሰዓት በሮም አቆጣጠር፣ የሰዎቹ ብዛት ከነዕድሜያቸው፣ የሕፃን አልጋ ካስፈለገ እሱም። የሕፃን አልጋ በየሆቴሉ ጥቂት ብቻ ስለሆነ ቀድሞ ለጠየቀ ነው የሚሰጠው።