ለትንንሽ የዘይት ቀለም ሥዕሎች የሚሆን የእንጨት ሳጥን፦ ከክረምት እስከ በጋ በጎጃም

ሳጥኑ ሲታጠፍ 28 በ22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባዶውን 2 ኪሎ ይጠጋል። ክዳኑ ተከፍቶ ሲቆም ሥዕሉ የሚሠራበትን 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይይዛል፤ ታችኛው ክፍል ፓሌት (ቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ሲሆን ቀለምና ብሩሽ ከሥሩ ይገባሉ። ከታች ያለው 1/4 ኢንች ቀዳዳ በአብዛኛው የካሜራ ትራይፖድ ላይ ይታሰራል።

ገንዘብ የሚወጣበት ዋናው ምክንያት እርጥብ ሥዕል መሸከሙ ነው። የዘይት ቀለም በዕለቱ አይደርቅም፤ ከጮቄ ተራራ በኮረኮንች መንገድ ሲወረድ ደግሞ በእጅ ይዞ መምጣት አይታሰብም። ክዳኑ ውስጥ ያሉት ሦስት የተቦረቦሩ መስመሮች ጣውላዎቹን ሳይነካኩ ያቆማሉ። ልኩ ግን ጥብቅ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በልኩ ይገባል፤ 3 ሚሊ ሜትሩ እየተንኳኳ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለም ይፍቃል። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ስለሚጠጣ መስመሩ ይጠብባል፤ ስለዚህ ጣውላውን በወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ቀንሶ ማስቆረጥ ይሻላል። ጀርባውንና ጠርዙንም ቀለም መቀባት ያስፈልጋል፤ ፊቱ ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል። ለፊቱ ሦስት እጅ የአክሪሊክ ፕራይመር (ከሥዕሉ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) በቂ ነው፣ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ። የኮርኒስ ጄሶ ግን ይሰነጠቃል፣ አይሞከር።

ድክመቱ ማጠፊያው ላይ ነው። ክዳኑን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የሁለት ብረቶች ፍትጊያ ብቻ ስለሆነ፣ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብረቱ እየለሰለሰ መያዙን ይተዋል። ጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ክዳኑ ከነሥዕሉ ወደ ኋላ ይወድቃል። ዳዶውን ማጥበቅ ለጥቂት ቀን ነው የሚረዳው። መፍትሔው ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ክብ ሮንዴላ ቆርጦ በሁለቱ ብረቶች መሃል ማስገባት ነው፤ ጎማው ይነክሳል። ትራይፖዱ ሥር ድንጋይ ያለበት ከረጢት ማንጠልጠልም አይከፋም።

ፓሌቱ የሚመጣው ጥሬ እንጨት ሆኖ ነው። እንዲሁ ከተሠራበት ዘይቱን ከቀለሙ ስለሚመጥ ቀለሙ ቶሎ ይደርቅና ለብሩሽ ያስቸግራል። በሥዕል የተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባትና በየመሃሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጦ ሳጥኑ ውስጥ መዝጋት ግን አደጋ አለው፦ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ በራሱም ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ባለው ጣሳ መንከር ይገባል።

ከፓሌቱ ሥር ያለው ቦታ ስድስት ቱቦ ይበቃዋል፦ ትልቅ ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ የሎ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊና ቀይ። ቀዩ አሊዛሪን ከሆነ በብርሃን ይደበዝዛል፤ ኪናክሪዶን የተባለው ቀይ ይመረጣል። የቱቦ አረንጓዴ አያስፈልግም። የባህር ዛፍ ቅጠል ግራጫ ስላለበት አልትራማሪን ከኦከርና ከጥቂት ነጭ ጋር ያወጣዋል፤ ጅብራ የተባለው የጮቄ የደጋ ተክልም ከዚያው ላይ ነጭ ሲጨመር ይገኛል። የኑግ ማሳ በመስከረም ሲያብብ ሁሉም ሰው ንጹሕ ቢጫ ይለቅቅበታል። ሩቁ ማሳ በነጭና በኦከር ከበረደ፣ ንጹሑ ቢጫ ለቅርቡ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ከቀረ ማሳው ሥዕሉ ውስጥ የራቀ ይመስላል።

ክዳኑ ጥላ አይሰጥም። ጣውላው ላይ ፀሐይ ካረፈ ዓይን ስለሚጭበረበር ሰው ቀለሙን ያጨልማል፤ ሥዕሉም ቤት ሲገባ ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ዣንጥላ ይሻላል፣ ባለቀለሙ የራሱን ቀለም ጣውላው ላይ ይጥላል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለዓባይ ሸለቆ ገደል ጥሩ ጥላ ያወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ገደሉ ጠፍጣፋ ይመስላል።

ከ20 በ25 የሚበልጥ ለሚሥል ሰው ይህ ሳጥን አይሆንም። በትንሹ ለሚሠራ ግን ማንኛውም ጎበዝ አናጢ ልኩን አይቶ ከዋንዛ ሊሠራው ይችላል፤ ዋንዛ ክብደቱ ቀላል ነው፣ እምብዛም አይጎብጥም። ከሱቅ የሚገዛው ማጠፊያውና ባለ 1/4 ኢንች ዳዶው ብቻ ነው።